አሥር በመቶው የማን ነው? የአገልግሎት ክፍያን የተመለከቱ የአንባብያን ጥያቄዎች

ብዙዎች ሰርቪስ ቻርጅ የሚሉትን፣ በምግብ ቤት ሂሳብ ላይ በግዴታ የሚጨመረውን የአገልግሎት ክፍያ በተመለከተ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ እንዲሁም ከለንደን የደረሱኝን ጥያቄዎች በዚህ ዓምድ አሰባስቤአለሁ። ጉዳዩ በየአገሩ የሚዳኝበት ሕግ የተለያየ ስለሆነ፣ ለአንዱ ከተማ የተሰጠውን መልስ ለሌላው ከመጠቀም አንባቢ እንዲቆጠብ አደራ እላለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆቴል ራት በላን። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ዋጋዎች ስደምር 4,000 ብር ነበር፤ የመጣው ሂሳብ ግን 5,060 ብር ሆነ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑን አውቃለሁ። የአገልግሎት ክፍያው 10 በመቶ ነው ብንል እንኳ ድምሩ 25 በመቶ፣ ማለትም 1,000 ብር ነው። ስልሳው ብር ከየት መጣ?

መልስ፦ ስልሳው ብር በአገልግሎት ክፍያው ላይ የተሰላ ታክስ ነው። ሆቴሉ በመጀመሪያ በ4,000 ብሩ ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 400 ብር ጨመረ፤ ከዚያም ታክሱን በ4,000 ሳይሆን በ4,400 ብር ላይ አሰላ፤ የዚህ 15 በመቶ 660 ብር ነው። ስለዚህ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከሚያዩት ዋጋ በላይ የሚከፍሉት 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናል። በሆቴሎቻችን የተለመደው አሠራር ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ ራሱ ወስኖ የሚያስከፍለው ገንዘብ የአገልግሎቱ ዋጋ አካል ተደርጎ ይታያል። በገዛ ፈቃድዎ ለአስተናጋጁ የሚተዉት ጉርሻ ግን ከሆቴሉ ሽያጭ ውስጥ ስለማይገባ ታክስ አይታሰብበትም።

አስሊው ተሳስቷል ለማለት አይቻልም። ቅሬታ ሊቀርብበት የሚገባው የዋጋው አገላለጽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃና የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ ለተገልጋዩ በሚታይ ሁኔታ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በምግብ ዝርዝሩ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም» ብሎ መጻፍ የዚህን ግዴታ መንፈስ ያሟላል ብዬ አላምንም። ከሩብ በላይ የሚሆን ጭማሪ ግርጌ ላይ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ሰብሰብ ብላችሁ ስትሄዱ ከማዘዛችሁ በፊት «ዋጋው ሁሉንም ያጠቃልላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲከፈልም የአገልግሎት ክፍያውና ታክሱ በየራሳቸው መስመር የተጻፉበትን ደረሰኝ ተቀበሉ። ሂሳብ አገላብጦ ማየት በእኛ ዘንድ እንደ ንፉግነት ስለሚቆጠር፣ በተለይ ጋባዡ በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ሲሆን፣ ይህን ማንም አያደርገውም፤ ባለሆቴሎችም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከደመወዜ ይልቅ ከአገልግሎት ክፍያ የማገኘው ድርሻ ይበልጣል። ሆቴሉ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው እየተባለ ስለሆነ የሥራ ስንብት ክፍያዬ ሲሰላ ይህ ድርሻዬ ይታሰብልኛል ወይ?

መልስ፦ የሚያስደስት መልስ የለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ እንደ ደመወዝ የማይቆጠሩ ክፍያዎችንም ይዘረዝራል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን የሚገኙበት ይህ ዝርዝር ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያንም ይጨምራል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ደግሞ በደመወዝ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የቀን ደመወዝ በሠላሳ ይባዛል፣ ለቀጣዮቹ ዓመታትም በዚያው መነሻ ይሰላል። በመሆኑም ለዓመታት ቤትዎን ያቆመው ገንዘብ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሆኖ የሚገባው መዋጮም በወር ደመወዝ ላይ የሚታሰብ ስለሆነ ጉዳዩ እዚያም ያው ነው።

የዚህ ድንጋጌ ጉዳት በሌላ አቅጣጫም ይታያል። ሕጉ በፈቀዳቸው ምክንያቶች ካልሆነ በቀር አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንዳይቀንስ፣ ሲቀንስም ተቀናሹ ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ አዋጁ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ጥበቃው የተሰጠው ለደመወዝ ነው። ስለዚህ «ብርጭቆ ተሰብሯል፣ ሳህን ጠፍቷል» እየተባለ ከአገልግሎት ክፍያ ድርሻ ላይ ሲቆረጥ ሠራተኛው የሚከራከርበት መሠረት የሳሳ ይሆናል። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ አነስተኛ የደመወዝ ወለል አለመኖሩ ነገሩን ያባብሰዋል፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ገና አልተቆረጠም። ወለል በሌለበት ገበያ አሠሪው ደመወዙን ዝቅ አድርጎ «የቀረውን ከሰርቪስ ታገኛለህ» ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ በአንድ በኩል ዋጋው ለደንበኛው ዝቅ ያለ መስሎ ይታያል፣ በሌላ በኩል የሠራተኛው ዋስትና ይሸረሸራል።

ምን ይደረግ? ሆቴልዎ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን አውጥታችሁ አንብቡ። ለአስተናጋጅ፣ ለወጥ ቤት፣ ለጽዳትና ለእንግዳ ተቀባይ ክፍፍሉ እንዴት እንደሚሆን፣ ከተሰበሰበው ላይ ለሰባራ ዕቃ የሚቀነስ ካለ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ የወሩ ጠቅላላ ስብስብም ለሠራተኛው የሚገለጽበት መንገድ በጽሑፍ ሊሰፍር የሚችለው እዚያ ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን መብት ያስቀምጣል እንጂ የተሻለ ስምምነት ከማድረግ አይከለክልም፤ ስንብቱ ሲሰላ የአገልግሎት ክፍያው አማካይ እንዲታሰብ መስማማትም ይቻላል። ማኅበር ከሌለ የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማቋቋም ነው፤ የቅነሳው ወሬ ውሳኔ ከሆነ በኋላ ግን ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜው ያልፋል።

ጥያቄ፦ በዲሲ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ከማኅበርተኞቻችን ጋር ስምንት ሆነን ተመገብን። ሂሳቡ ሲመጣ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት፣ ከሥሩ ደግሞ ለቲፕ (ለጉርሻ) የሚሆን ባዶ መስመር ነበረው። ከፋዩ ሳያስተውል ሌላ 20 በመቶ ጻፈበት። ሕጋዊ ነው? አስተናጋጇስ ለምን ዝም አለች?

መልስ፦ ክፍያውን መጨመሩ ሕገወጥ አይደለም፤ ሳያሳውቁ መጨመር ግን ያስጠይቃል። የዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ብራያን ሽዋልብ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ምግብ ቤቶች እንዲህ ያለውን ክፍያ ደንበኛው ከማዘዙ በፊት ጎልቶ በሚታይ መንገድ እንዲያሳውቁ፣ ገንዘቡ የሚውልበትንም ጉዳይ በእውነት እንዲገልጹ አሳስቧል። «ለሠራተኞቻችን ነው» ብሎ ጽፎ ለኪራይ ማዋል ሸማቹን ማታለል ነው። ስለዚህ ጥያቄው የምግብ ዝርዝሩ ላይ ወይም በሩ ላይ ተጽፎ ነበር ወይ የሚል ነው። ተጽፎ ከነበረ በዚያ ተስማምታችሁ እንዳዘዛችሁ ይቆጠራል። ካልነበረ ከሂሳቡ ላይ እንዲነሣላችሁ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ፣ እምቢ ካለም ለዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማመልከት ትችላላችሁ። በስሕተት ስለተጻፈው ሁለተኛው 20 በመቶ ግን ዛሬውኑ ደውላችሁ ብትነግሯቸው ይሻላል፤ ጨዋ ቤት ያስተካክለዋል።

ለብዙ ሰው ገበታ የተቆረጠ ክፍያ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ለሁለት ሰው ገበታም ሳይቀር መጨመር የበዛው ግን በዲሲ ከተነሣው የደመወዝ ክርክር በኋላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ያነሰ መነሻ ከፍሎ ልዩነቱን በቲፕ ማሟላት ይችላል፤ የፌዴራሉ መነሻ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2.13 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው። የዲሲ መራጮች ይህን አሠራር ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ ሰጥተው ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሻረባቸው፤ በኖቬምበር 2022 ደግሞ ኢኒሺየቲቭ 82 የተባለውን ውሳኔ በሰፊ ልዩነት አጸደቁ። መነሻው ከ5.35 ዶላር ተነሥቶ በየደረጃው 10 ዶላር ሲደርስ፣ በርካታ ምግብ ቤቶች የጨመረባቸውን ወጪ በዋጋቸው ላይ በግልጽ ከማስቀመጥ ይልቅ በአገልግሎት ክፍያ ስም ሂሳቡ ላይ አሳረፉት። ምክር ቤቱ በጁላይ 2025 በድጋሚ ገብቶበት፣ መነሻው ለጊዜው በ10 ዶላር እንዲቆይና ከዚያም ቀስ በቀስ አድጎ በ2034 ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 75 በመቶ ላይ እንዲቆም ወሰነ። የሕጉ ፍጥነት ቢቀንስም ሂሳቡ ላይ የተጻፈው 20 በመቶ በብዙ ቤት እዚያው አለ።

ስለ አስተናጋጇ፣ ፍርዳችሁን ብታዘገዩ መልካም ነው። ቲፕ የሠራተኛው ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ ግን በሕግ ዓይን የቤቱ ገቢ ነው፤ ቤቱ ቃል ካልገባ በቀር ከዚያ 20 በመቶ ለእሷ አንድ ሳንቲም ላይደርሳት ይችላል። ዝም ያለችው ታዝዛ ይሁን ወይም ከባዶው መስመር በስተቀር ሌላ ተስፋ ስለሌላት፣ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ ገንዘብ ለእናንተ ይደርሳል?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። «አዎ» ካለች መስመሩን ያለ ሐፍረት ባዶ ተዉት፤ «አይደርስም» ካለች ደግሞ እንደ አቅማችሁ አድርጉላት፣ ቅሬታችሁን ግን ለባለቤቱ ንገሩ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። እንጀራ የሚጋግሩትና ወጥ የሚሠሩት እናቶች ከአስተናጋጆቹ በጣም ያነሰ ገንዘብ ይዘው ይገባሉ። ቲፑን ለሁሉም ላካፍል ወይስ የአገልግሎት ክፍያ ልጀምር? ቤቱን የምታስተዳድርልኝ እህቴም ሥራ ሲበዛ ገበታ ታስተናግዳለች።

መልስ፦ ያሰቡት ነገር ተገቢ ነው፤ መንገዱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ለአስተናጋጆችዎ ዝቅተኛውን የቲፕ ተቀባይ መነሻ እየከፈሉ ልዩነቱን በቲፕ የሚያሟሉ ከሆነ፣ በግዴታ የሚያስገቡት የቲፕ ክፍፍል ቲፕ የመቀበል ልማድ ያላቸውን ሠራተኞች ብቻ ሊያካትት ይችላል፤ ወጥ ቤት ያሉትን ማስገባት አይፈቀድልዎትም። ወጥ ቤቱን ማካተት የሚችሉት ለሁሉም ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ሲከፍሉ ነው።

የአገልግሎት ክፍያ ከሆነ ነፃነትዎ ሰፋ ይላል። ገንዘቡ የእርስዎ የንግድ ገቢ ስለሚሆን ለወጥ ቤትም ለአስተናጋጅም መክፈል ይችላሉ። በምላሹ የሚመጣብዎት ግዴታ ግን ቀላል አይደለም። የፌዴራሉ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ማብራሪያ መሠረት ደንበኛው መጠኑን የመወሰን ነፃነት የሌለው ክፍያ ቲፕ ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ለሠራተኛ ሲከፋፈልም እንደ ማንኛውም ደመወዝ ግብር ይቀነስለታል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲሰላም መነሻው ውስጥ ይገባል። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሚሠሩ እናቶች ካሉዎት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ያስወጣዎታልና የሂሳብ ባለሙያዎን አስቀድመው ያማክሩ።

ስለ እህትዎ በግልጽ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ አሠሪ፣ ሥራ አስኪያጅና ተቆጣጣሪ ከሠራተኞች ቲፕ እንዳይወስዱ ይከለክላል፤ ዝምድና ይህን አይለውጠውም። እሷ ብቻዋን ካስተናገደችው ገበታ ለራሷ የተሰጣትን መያዝ ትችላለች፤ ከጋራው ሣጥን ግን ድርሻ የላትም። በቤተሰብ በሚተዳደሩ ምግብ ቤቶቻችን ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉን ስለሚሠራ «እሷም ደክማለች» የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ነው። መድከሟ አያጠራጥርም፤ የድካሟን ዋጋ ግን ከአስተናጋጆቹ ሣጥን ሳይሆን ከእርስዎ ኪስ ልታገኝ ይገባል።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ከሁለቱም ይልቅ የምግቡን ዋጋ ጨምረው የወጥ ቤቱን ደመወዝ ከፍ ቢያደርጉ እመርጣለሁ። ደንበኛ በዋጋ ዝርዝር ላይ የሚያየውን ጭማሪ ይቀበላል ወይም ትቶ ይሄዳል፤ ከበላ በኋላ የሚያየው ጭማሪ ግን ቂም ያስይዘዋል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። «ቲፕ ከእንግዲህ ግብር የለበትም» ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ የምሠራበት ቤት ግን ቲፕን ትቶ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ጀምሯል። እኔን ይመለከተኛል?

መልስ፦ ከአገልግሎት ክፍያው ለሚደርስሽ ድርሻ አይመለከትሽም። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ላሉት የግብር ዓመታት በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ ብቻቸውን ግብር ለሚያሳውቁና ገቢያቸው ከ150,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሰዎች ቅናሹ እየሳሳ ይሄዳል። ቅድመ ሁኔታው ግን ቲፑ ደንበኛው በፈቃዱ የሰጠው መሆኑ ነው፤ በግዴታ የተጨመረ ክፍያ ከዚህ ውጭ ነው። ሁለት አስተናጋጆች እኩል 20,000 ዶላር ቢያገኙ፣ አንዷ በቲፕ ሌላዋ በአገልግሎት ክፍያ ስለተከፈላቸው ብቻ ግብራቸው ይለያያል። አለቃሽ አሠራሩን ሲለውጥ ይህን አስልቶልሽ እንደሆነ ብትጠይቂው መብትሽ ነው።

በነገራችን ላይ «ግብር የለበትም» የሚለው አነጋገር ራሱ ለቲፕ ተቀባዮችም ሙሉ እውነት አይደለም። የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር፣ ማለትም የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና ዋስትና፣ ተቀናሽ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፣ ቲፑን ማስመዝገብም ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ 12.5 በመቶ ይጨምሩብናል። ይህን አልከፍልም ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ሂሳቡ ላይ በፈቃደኝነት የሚከፈል መሆኑ ከተገለጸ፣ አዎ፤ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅብዎትም። ከማስነሣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የብሪታኒያ ሕግ አሠሪዎች ቲፕንም የአገልግሎት ክፍያንም ለራሳቸው ምንም ሳይቀንሱ፣ ቢዘገይ እስከ ቀጣዩ ወር መጨረሻ ለሠራተኞች በፍትሐዊነት እንዲያከፋፍሉ ያስገድዳል፤ የክፍፍሉ ደንብ በጽሑፍ መኖር አለበት፣ ሠራተኛውም ጉዳዩን ወደ ሥራ ክርክር ችሎት መውሰድ ይችላል። ስለዚህ የዲሲ አንባቢዎቼን ያስጨነቃቸው ጥርጣሬ በለንደን መልስ አግኝቷል፤ 12.5 በመቶውን ሲያስነሡ የሚቀንሱት ከባለቤቱ ሳይሆን ከሠራተኞቹ ነው። ሕግ ሲወጣ እንዲህ ቢወጣ እላለሁ።

ጥያቄ፦ አስገዳጅ የአገልግሎት ክፍያን ፈጽሞ የከለከለ አገር አለ?

መልስ፦ ሕንድን መጥቀስ ይቻላል። የአገሪቱ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በጁላይ 2022 ባወጣው መመሪያ ምግብ ቤቶች ክፍያውን በራሳቸው ሥልጣን ሂሳብ ላይ እንዳይጨምሩ፣ በሌላ ስምም እንዳይሰበስቡ ከለከለ፤ የምግብ ቤት ማኅበራት ቢከራከሩም የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2025 መመሪያውን አጽንቷል። ፈረንሳይ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳለች፤ እዚያ አገልግሎቱ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በሚታየው ዋጋ ውስጥ ተካቷል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ 10 በመቶ ከከፈልኩ በኋላ ጉርሻ መተው አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። በጥሩ ሁኔታ ላስተናገደዎት ሰው ቢተዉለት ግን በእጁ ስጡት፤ ወደ ማከፋፈያው ሳይገባ በቀጥታ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ያ ነው።

ጥያቄ፦ በዲሲ የካርድ መክፈያው ማሽን 18፣ 20፣ 22 በመቶ ብሎ ራሱ አስልቶ ያቀርብልኛል። የሚያሰላው ከምን ላይ ነው?

መልስ፦ እንደየማሽኑ አሞላል ይለያያል፤ ብዙዎቹ ግን ከታክስ በኋላ ባለው ድምር ላይ ያሰላሉ። በዲሲ የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ ነውና በ100 ዶላር ምግብ ላይ 20 በመቶ ሲነኩ የሚከፍሉት 20 ሳይሆን 22 ዶላር ሊሆን ይችላል። የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ከተጨመረ ደግሞ በእሱም ላይ ያሰላል። «ሌላ መጠን» የሚለውን ነክተው ከምግቡ ዋጋ ተነሥተው ያሰሉትን በራስዎ ይጻፉ።